ተረቺው ወዴት ይሄዳል? ሕዝቦች እንዴት እንደሚከራከሩ

በድሮው የአገራችን ሙግት ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ የኩታቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠራል፤ ነገሩ የዕዳ ከሆነ ደግሞ አበዳሪውና ባለዕዳው እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራሉ። ዳኛው ሩቅ ከሆነ አብረው ይጓዛሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ውኃ ሲጠማው ሌላው ሳይወድ በግዱ ምንጭ ይወርዳል። ሁለቱ ዓይን ለዓይን መተያየት የማይፈልጉ ሰዎች በአንድ ቋጠሮ ተያይዘው ገበያ መሃል ሲያልፉ፣ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ከሩቅ የሚለይ የለም። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል የምናነሣው ያንኑ ቃል ነው።

ስለ ክርክር ባህል ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ሕዝብ መከራከር ይወዳል?» የሚል ነው። መልሱም አብሮ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ፈረንጅ ፊት ለፊት ይናገራል፣ እስራኤላዊ ይጮኻል፣ ጃፓናዊ ዝም ይላል፣ ሐበሻ በሆዱ ይይዛል። ይህን ጥያቄ ከተውኩት ቆየሁ። አንድ ሰው ራሱ እንደቆመበት ቦታ ይለዋወጣልና። አባቱ ማዕድ ላይ ቀና ብሎ የማያይ ጎልማሳ፣ ርስቴ ተነካ ብሎ ችሎት ሲቆም አንደበቱ እሳት ይሆናል። የእንግሊዝ የፓርላማ አባልም አዳራሹ ውስጥ ሲጮኽ ውሎ፣ ማታ እራት ላይ ያልወደደውን ሐሳብ «ደስ የሚል ነገር ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ስለዚህ የበለጠ የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ክርክሩ ሲያልቅ የተረታው ሰው ምን ይሆናል? በቅሎውን ይከፍላል? አገር ጥሎ ይሄዳል? ሐሳቡ መዝገብ ላይ ይሰፍርለታል? ደመወዝ ይቆረጥለታል? (የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።) ሰዎች የት ላይ አፋቸውን እንደሚከፍቱና የት ላይ እንደሚዘጉ ከዚህ መልስ ብዙው ይገኛል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የቃል ድኻ አይደለም። ውይይት አለ፣ ክርክር አለ፣ ሙግት፣ ውዝግብ፣ እሰጥ አገባ፣ አተካራ፣ ንትርክ፣ ጭቅጭቅ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ክብሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ውይይት ላይ የሚረታ የለም። ሙግት ላይ ረቺና ተረቺ አለ፤ መሃላቸው ደግሞ ዳኛ አለ። ጭቅጭቅ ግን ረቺም ዳኛም የለው፤ ሰው ሲደክመው ያድርና ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ ሲታይ ሙግትን ከጭቅጭቅ የሚለየው የድምፅ ከፍታ አይደለም። ሙግት ማለቂያ አለው።

ተጠየቅ፣ ልጠየቅ

በላ ልበልሃን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመድረክ ነው። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ዘንግ ይዘው፣ እየተንጎራደዱ፣ በግጥም ሲወራረፉ እናያለን፤ እንስቃለን፣ እናጨበጭባለን። ትርኢቱ ግን ነገሩን ጨዋታ ብቻ አስመሰለው። በጊዜው ሰው መሬቱን፣ ከብቱን፣ አንዳንዴም ነፍሱን ይዞ የሚቆምበት ሥርዓት ነበር።

ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ ይነሣል። አጀማመሩ ቤት የሚመታ ነው፤ የንጉሡን ሥርዓት ይጠራል፣ ሐሰት እንደማይናገር ያስታውቃል፣ ከዚያ «ተጠየቅ!» ብሎ ባላጋራውን ይይዛል። ያኛው «ልጠየቅ» ካለ በኋላ መሸሻ የለውም፤ ለተጠየቀው ነገር መልስ አለበት። አንደበት ያልተፈታለት ነገረ ፈጅ ያቆማል። ዙሪያውን የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ ማን ከነገሩ እንደወጣ፣ ማን ጥያቄውን እንደዘለለ እያነሣ ያጉረመርማል። ልጆችም ከዚያው ዳር ቁጭ ብለው ይማራሉ። የሕግ ትምህርት ቤት ባልነበረበት አገር ችሎቱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ውርርዱ ነው። አንዱ ያለውን እንደሚያስረዳ ተማምኖ «ማር» ይላል። ሌላው «በቅሎ» ይላል። ነገሩ ሲከር ፈረስ ይወጣል። የተረታው ያስያዘውን ለዳኛው ይከፍላል። እሰጥ አገባ የምንለው ቃል ራሱ የዚህ ውርርድ ጠረን አለው። ዳኛው ከውርርዱ ተጠቃሚ ስለነበረ ሙግቱ ሲከር አልከፋውም ብዬ ብጠረጥር ሐሜት አይሆንብኝም። ለድኻ ደግሞ በቅሎ ማለት የኑሮ ግማሽ ነው፤ ባለጠጋው በውርርድ ብቻ ሊያስፈራራው ይችላል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ውርርዱ አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ለሽንፈት ዋጋ ይቆርጥለታል። የተረታ ሰው ስንት እንዳጣ ያውቀዋል። ማሩን ይሰጣል፣ ኩታውን ያራግፋል፣ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ባላጋራው ያው ጎረቤቱ ነው፤ በሚመጣው ማኅበር አንድ ጠላ ይጠጣሉ።

ሥርዓቱ ችሎት እስኪደርስ እንኳ አይጠብቅም ነበር። መንገድ ላይ ዱላ የተማዘዙ ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ብለው ይይዙታል፤ የያዙት ሰው ማንበብ የማይችል ገበሬ ይሁን የቆሎ ተማሪ፣ ለዚያች ሰዓት ዳኛ ነው።

ነጭ መለከት ቀይ ነው?

ተጠየቅና ልጠየቅን የመሰለ ነገር በሌላው የዓለም ዳር ሳገኝ ፈገግ አልኩ። በቲቤት ቡድሂስቶች ገዳማት፣ በተለይ የጌሉግ ወገን በሆኑት፣ መነኮሳት ትምህርታቸውን የሚማሩት በክርክር ነው። ከትልልቆቹ አንዱ ሴራ ገዳም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1419 በላሳ አጠገብ ተመሠረተ፤ ብዙ ቲቤታውያን ከተሰደዱ በኋላ ደግሞ በደቡብ ሕንድ ባይላኩፔ በተባለ ቦታ መንታው ተቋቋመ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር መነኮሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ተጠያቂው መሬት ላይ ይቀመጣል። ጠያቂው ይቆማል። ጥያቄውን በወረወረ ቁጥር ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ አንድ እግሩን መሬት እየመታ፣ መዳፉን በመዳፉ ላይ ያጮኸዋል። ሰባ ጥንድ በአንድ ጊዜ ሲያደርገው ያላወቀ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል።

ተጠያቂው የፈለገውን መናገር አይችልም። የተፈቀዱለት መልሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «እቀበላለሁ»፣ «ለምን?»፣ «ምክንያቱ እውነት አይደለም»፣ «ምክንያቱ ያን አያስከትልም»። ጀማሪዎች የሚለማመዱበት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ተጠያቂው «ቀለም የሆነ ሁሉ ቀይ ነው» የሚል አቋም ያዘ እንበል። ጠያቂው ያጮኻል፦

«እንግዲያው የነጩ የባሕር ዛጎል መለከት ቀለም ቀይ ነው!»

«ለምን?»

«ቀለም ስለሆነ!»

አሁን ተጠያቂው ተያዘ። «ምክንያቱ እውነት አይደለም» ቢል ነጭ ቀለም አይደለም ማለቱ ነው። «አያስከትልም» ቢል የራሱን አቋም አፈረሰ። «እቀበላለሁ» ቢል ነጩን መለከት ቀይ አለው፤ ጠያቂው ያኔ የእጁን ጀርባ መዳፉ ላይ እያጮኸ «ጻ!» ይለዋል፣ ዙሪያውን ያሉት ይስቃሉ። ከዚህ ተነሥተው ዓመታት ሲቆጠሩ ስለ ንቃተ ኅሊና፣ ስለ ምክንያትና ውጤት፣ ስለ ባዶነት ይከራከራሉ። ትምህርቱ ሲጠናቀቅ የሚገኘው ጌሼ የተባለው ማዕረግ ለዘመናት የወንዶች ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ 20 መነኮሳዪያት ተቀበሉት።

ይህ ሥርዓት የተረቺውን ጉዳይ የፈታበት መንገድ ከእኛ በቅሎ ይለያል። ጠያቂው የራሱ አቋም የለውም። ያመነበትን እያስረዳ አይደለም፤ የሌላውን አቋም በድንጋይ እንደሚሞከር ገንቦ ኳ ኳ እያደረገ ነው። ነገ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ትናንት ያፈረሰውን ሐሳብ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይከላከልለታል። የተረታው ሰው ሳይሆን አንድ አባባል ነው። ሆኖም አጥር የለውም አይባልም። እያንዳንዱ የገዳም ኮሌጅ የራሱ መማሪያ መጻሕፍት አሉት፣ ጩኸቱ ሁሉ በአብዛኛው እዚያ ቅጥር ውስጥ ነው።

ሃያ አራት ተቃውሞ

በአይሁድ ባህል ትምህርት ብቻውን አይሆንም። ሁለት ተማሪ አንድ ጽሑፍ መሃል አድርጎ ይቀመጣል፤ ኻቭሩታ ይሉታል፤ ባልንጀርነት እንደማለት ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው ካልነካው ትምህርት አልተካሄደም። የጉባኤዎቹ ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድም የተጻፈው በዚሁ አኳኋን ነው፤ ያሸነፈው አስተያየት ከነተሸነፈው ይቀመጣል። ከእርሱ በፊት በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፍ «የጥቂቶቹ ቃል ካልተፈረደበት ለምን ይጻፋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ፣ ኋላ የሚመጣ ችሎት ያን ሐሳብ ትክክል ሆኖ ቢያገኘው የሚደገፍበት እንዲኖረው ነው። ተረቺው ጎተራ ገባ ማለት ነው፤ ለክፉ ቀን።

በታልሙድ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ረቢ ዮሐናን የተባለ ታላቅ መምህር ነበር። ሬሽ ላኪሽ ደግሞ ወንበዴ የነበረ፣ ኋላ ተመልሶ የተማረ፣ የእኅቱ ባልና የክርክር ባልንጀራው ነው። አንድ ቀን ሰይፍና ቢላ ተሠርተው አለቁ የሚባለው መቼ ነው በሚል ጉዳይ ተከራከሩ፤ ለመንጻት ሕግ ይፈለግ ነበር። በመሃል ረቢ ዮሐናን «ወንበዴ የሙያውን ዕቃ ያውቃል» ብሎ ወረወረ። አንድ አረፍተ ነገር ናት። ክርክሩ ከቢላው ወደ ሰውየው ዞረ። ሬሽ ላኪሽ በዚያ ቅስሙ ተሰብሮ ታመመ፣ ሞተም።

ረቢ ዮሐናን ኀዘኑ ጠናበት። ሌሎቹ ሊያጽናኑት ሌላ ባልንጀራ ላኩለት፤ አዋቂ ሰው። እርሱም መምህሩ በተናገረ ቁጥር «ይህን የሚደግፍልህ ጥቅስ አለ» ይላል። ሽማግሌው አልቻለም። «ሬሽ ላኪሽ አንድ ነገር ስናገር ሃያ አራት ተቃውሞ ያቀርብልኝ ነበር፣ እኔም ሃያ አራት መልስ እሰጠው ነበር፣ በዚያው ነገሩ ይሰፋ ነበር። ትክክል መሆኔን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው?» አለ። ልብሱን እየቀደደ «ወዴት ነህ?» እያለ ሲጮኽ አእምሮውን ሳተ።

የሚያመሰግነን እንጂ የሚሟገተን ባጣን ጊዜ ምን እንደምንሆን ይህን ያህል የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ያው ባህል ግን የተቀደሰ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ረቢ ኤሊዔዘር በአንድ የምድጃ ጉዳይ አብዛኛውን ተቃውሞ አልመለስም በማለቱ እንደተወገዘ ይተረካል።

ይህ ባህል ለእኛ ሰዎችም ሩቅ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ ይዘው ሲኖሩ ታልሙድን አያውቁትም ነበር፤ ጠባቸውም የሚያልቀው ሽማግሌ ፊት፣ በቄሶቻቸው ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው እስራኤል ሲገባ፣ የጠበቀው «ዱግሪ» የሚሉት አነጋገር ነበር፤ ያለመሸፋፈን፣ ፊት ለፊት መናገር። ዱግሪ ለተናጋሪው ክብር ነው፤ «አንተን ስለማከብርህ አልሸነግልህም» ማለት ነው። በእኛ ደግሞ ማክበር የሚገለጠው ድምፅን ዝቅ በማድረግ፣ ታላቅን ባለመመለስ ነው። የመምህሯን ቃል ያልተቃወመች ልጅ በአንዱ ዓይን ጨዋ ናት፣ በሌላው ዓይን ያልገባት ናት። ሁለቱም አክብሮት ነው የፈለጉት፤ የተላለፉት እዚያ ላይ ነው።

ዳኛው ዙፋን ሲሆን

እስካሁን ያየናቸው ሥርዓቶች ተረቺውን ያስተርፋሉ። የማያስተርፉም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ዳኛው ንጉሥ፣ ጉዳዩም የአገሩ ሃይማኖት ሲሆን ነው።

እዚያው ቲቤት፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሳምዬ በተባለው ገዳም የሕንዱና የቻይናው የቡድሂዝም መንገድ በንጉሡ ፊት ተከራከሩ። የቲቤት መዛግብት ሕንዳዊው ካማላሺላ እንደረታና የቻይናው መምህር አገር ለቅቆ እንዲወጣ እንደተደረገ ይተርካሉ። በዱንሁዋንግ የተገኘው የቻይንኛ ጽሑፍ ደግሞ የረታነው እኛ ነን ይላል። ተረቺው የሚባረርበት ክርክር ውስጥ ማን እንደተረታ እንኳ መስማማት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1263 በባርሴሎና የአራጎን ንጉሥ ቀዳማዊ ሃይሜ አንድ ወደ ክርስትና የገባ አይሁዳዊና ረቢ ሞሼ ቤን ናሕማን ፊቱ እንዲከራከሩ አደረገ። ረቢው በነጻነት መናገር እንዲፈቀድለት አስቀድሞ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። በራሱ ትረካ መሠረት ንጉሡ 300 ዲናር ሸልሞ ሸኘው። ከዚያ በኋላ ግን የተናገረውን በጽሑፍ በማውጣቱ ተከሰሰ፤ በስተርጅና አገሩን ጥሎ እ.ኤ.አ. በ1267 ኢየሩሳሌም ገባ። ሽልማት ተቀብሎ የተሰደደ ተከራካሪ ነው።

ከእኛ ታሪክ ቦሩ ሜዳ አለ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ቅብዓትና ልደት የነበረው ክርክር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ነው፤ ቅብዓት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባለ በየገዳሙና በየጠቅላይ ግዛቱ ወገን ለይቶ ቆይቷል። በየዘመኑ ነገሥታቱ ፊት ጉባኤ ተደርጓል፤ በአንዱ የረታው በሌላው ተረትቷል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤውን ዘጉት። ሁለት ልደት የሚለው የካራ ወገን ረታ፣ ሦስት ልደት የሚለው የጸጋ ወገን ተወገዘ፣ ወገኖቹም ትምህርታቸውን እንዲተዉ ታዘዙ። ክርክሩን ያካሄዱት ሰዎች የመጻሕፍት ባሕር የዋኙ ሊቃውንት መሆናቸው አያጠራጥርም። አንድነት ለሚሻ መንግሥት ፍጻሜው እፎይታ እንደነበረም ይገባኛል። ይሁን እንጂ በቅሎ ከፍሎ ወደ ቀዬ የሚገባበት ሙግት አልነበረም።

ደመወዝ የሚከፈለው ተሸናፊ

ቅድም ያስቀመጥኩትን ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1826 አንድ የእንግሊዝ የፓርላማ አባል በቀልድ መልክ «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ» የሚል ሐረግ ተናገረ፤ አዳራሹ ሳቀ። ቀልዱ ሥርዓት ሆነ። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የተቃዋሚው መሪ ስለዚሁ ሥራው ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ ይከፈለዋል። ምርጫ የተሸነፈ ሰው፣ አሸናፊውን በየሳምንቱ ለማፋጠጥ ይቀጠራል። ለእኔ ይህ የእንግሊዞች ትልቁ ፈጠራ ነው፤ ከእንፋሎት ባቡሩ ይልቅ።

አነጋገሩም በአጥር ነው። አባላቱ አንዱ ሌላውን በስሙ አይጠራውም፣ «አንተ»ም አይለውም፤ የሚናገረው ለአፈ ጉባኤው ነው፣ ባላጋራው «የተከበሩት አባል» ነው። ውሸታም ብሎ መጥራት ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዲት አባል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋሽተዋል አለች፤ ቃሏን እንድትመልስ ተጠየቀች፣ አልመልስም ስትል ከአዳራሹ ተሰናበተች። የተናገረችው እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለው በዚያች ሰዓት አልተጠየቀም። ይህን ሰምቶ «ታዲያ የሚዋሽ ሰው ምን ሊባል ነው?» የሚል ሰው አልተሳሳተም እላለሁ፤ አጥር እውነትንም አንዳንዴ ውጭ ያስቀራል።

ተረቺ የሌለበት

ሌላው መፍትሔ ተረቺ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ጃፓኖች ኔማዋሺ የሚሉት አሠራር አላቸው። ቃሉ ከአትክልተኛ የመጣ ነው፤ ዛፍ ነቅሎ ሌላ ቦታ ለመትከል አስቀድሞ ሥሩን ዙሪያውን መቆፈር ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ሐሳብ ያለው ሰው እያንዳንዱን ለብቻው አነጋግሮ፣ ቅሬታውን ሰምቶ፣ ሐሳቡን አስተካክሎ ይጨርሳል። ስብሰባው ያለቀውን ነገር ማጽደቂያ ነው። እዚያ ተነሥቶ «አልስማማም» ማለት እንግዲህ ክርክር አይባልም፤ ሰው ማሳፈር ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሁለቱን ፊት ለፊት ከማስቀመጡ በፊት ስንት ጊዜ ተመላልሷል? አንዱን ቤቱ ሄዶ፣ አንዷን እናቷ ዘንድ አግኝቶ፣ ማን ምን ያህል እንደሚለቅ አውቆ ነው የሚያቀራርባቸው። የዕርቁ ቀን የምናየው የተሰፋውን ልብስ ነው።

ጃፓን ግን በኔማዋሺ ብቻ አልኖረችም። ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባለው ምሁር ሰው በአደባባይ ቆሞ መናገርና መከራከር እንዲለምድ እ.ኤ.አ. በ1875 በኬዮ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የንግግር አዳራሽ አሠራ። እርሱው የተረከው አንድ ገጠመኝ አለ። የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ሲተረጉም «ውድድር» ለሚለው ቃል «ትግል» የሚል ፊደል ያለበት አዲስ ቃል ፈጠረ። የመንግሥት ሹም አየውና ፊቱ ተቀየረ፤ ይህ «ትግል» የሚለው ነገር ሰላማዊ ስላልሆነ ለአለቆቼ አላሳየውም አለ። የአንድ ፊደል ጉዳይ አልነበረም፤ ሰው ሳይጣላ ሊጋጠም ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው ያስቸገረው።

ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም የሚለው መንገድ ዋጋም አለው። በድሮዋ ፖላንድ ምክር ቤት አንድ አባል ብቻውን «አልፈቅድም» ካለ ጉባኤው በሙሉ ይፈርሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1652 ወዲህ ይህ መብት እየተዘወተረ አገሪቱን ሽባ አደረጋት፣ በ1791 ሕገ መንግሥት ሲሻር ረፍዶ ነበር። በሌላ በኩል የቦረና ኦሮሞ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን ሲመረምር ድምፅ አይቆጥርም፤ በምርቃት ይጀምራል፣ እስኪስማማ ይነጋገራል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? የፖላንዱ መኳንንት ተቃውሞውን ጥሎ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። የቦረናው ሰው ነገ ከዚያው ጉድጓድ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር ከብቱን ያጠጣል። ቁራኛ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የነበረውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና ቤቶች ጸጥ ይሉ ነበር፣ ሰው ሥራ ትቶ ይሰማ ነበር። ተከራካሪዎቹ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፤ በላ ልበልሃ ተመለሰ ያለም ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ የተረታው ወገን ወዴት እንደሚሄድ ማንም አልተዋዋለም። ከምርጫው በኋላ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፣ በይቅርታ የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ከታናሹ ይጀመር

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ችሎት ያየውን ጽፏል። ፍርድ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ሹም ነው፤ ከዚያ እያለ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሚሽናም ነፍስ ሊጠፋበት በሚችል ፍርድ ዳኞቹ ከዳር ከተቀመጠው ታናሽ እንዲጀምሩ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ማን ይቃወመዋል?

እኔ ያለሁበት ከተማ ውስጥ በአንድ የሐበሾች እድር ስብሰባ ላይ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ አላውቅም። ሊቀመንበሩ የገንዘቡን ሪፖርት አንብበው ሲጨርሱ፣ እንደተለመደው ወደ ጋሼዎቹ ረድፍ አልዞሩም። በር አጠገብ፣ እናቷን ተከትላ የመጣች፣ አማርኛዋ ሰበር ሰበር የሚል ወጣት ነበረች። «እስቲ ከአንቺ እንጀምር» አሏት። እናትየው ልጇን በክርን ነካ አደረገቻት፣ ዝም በይ እንደማለት።

«ገጽ ሁለት ላይ ያለው ድምር ከገጽ አራቱ ጋር አይገጥምም» አለች ልጅቱ።

ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ገንዘብ ያዡንም አዩት። ገንዘብ ያዡ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።